የአእምሮ ጥያቄ የማን ነው?

የሰው ልጅ ዓለምን ለመመርመር ከሠራቸው መሣሪያዎች መካከል አንጎልን የሚመረምሩት ከሌሎቹ የሚለዩበት አንድ ጠባይ አላቸው፤ ቴሌስኮፕ ኮከብን፣ ማይክሮስኮፕ ረቂቅ ተሐዋስያንን ሲያሳይ ተመልካቹና የሚታየው ነገር የተለያዩ ሲሆኑ፣ የአንጎልን ሥራ የሚለካ መሣሪያ ግን የሚመለከተው ጥያቄውን ያፈለቀውን አካል ራሱን ነው። ስለዚህም እንዲህ ያለ መሣሪያ በማን እጅ እንደሚኖር፣ ማን እንዲጠቀምበት እንደሚፈቀድለትና የተገኘው ዕውቀት ለማን እንደሚደርስ መወሰን የበጀትና የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ስለ አእምሮ የመጠየቅ መብት የማን ነው የሚል የፍልስፍናና የሃይማኖት ጥያቄን ያስከትላል። ጥያቄው በየትም ቦታ ሊነሣ የሚችል ቢሆንም፣ በምዕራብ ሐረርጌ፣ ማለትም ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ፣ በመሰላ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ዙሪያ ሲነሣ የተለየ ክብደት ያገኛል፤ የዚህ አካባቢ ሕዝብ በሚያበቅለውና በሚቅመው ጫት ምክንያት ስለ አእምሮው ብዙ የተነገረለት፣ ነገር ግን ስለ አእምሮው ምን ይጠና ተብሎ እምብዛም ያልተጠየቀ ሕዝብ ነውና።

በዘመናዊው የአንጎል ሳይንስ የጋራ ክፍት የምርምር ተቋም የሚባለው ውድ መሣሪያዎችንና የሠለጠኑ ባለሙያዎችን በአንድ ቦታ አሰባስቦ፣ የተቋሙ ባልደረባ ያልሆነ ተመራማሪም የሙከራ ሐሳቡን እንዲያቀርብ፣ ሐሳቡ በገምጋሚዎች ከተመረጠ ሙከራው በተቋሙ ባለሙያዎች እንዲካሄድለት፣ ውጤቱም በመጨረሻ ለፈላጊ ሁሉ በነጻ እንዲለቀቅ የሚያደርግ አሠራር ነው። ለዚህ በቅርብ የሚጠቀሰው ምሳሌ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የሚገኘው አለን ኢንስቲትዩት ነው፤ ከማይክሮሶፍት መሥራቾች አንዱ በነበረው በፖል አለን ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ይህ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ኦፕንስኮፕ የተባለውን ፕሮግራም ጀምሮ የአይጥን አንጎል የሚመዘግቡ መሣሪያዎቹን ለውጭ ተመራማሪዎች ጥያቄ ከፍቷል። ከሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች አንዱ ኒውሮፒክስልስ የሚባለው ከፀጉር የማይወፍር መርፌ መሰል ዘንግ ሲሆን፣ በላዩ ካሉት 960 ያህል የመቅጃ ነጥቦች በአንድ ጊዜ በ384ቱ የነርቭ ሴሎችን የኤሌክትሪክ ምልክት ያዳምጣል። የአሠራሩ ሐሳብ የተወረሰው ከሥነ ፈለክ ነው፤ አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ ለየዩኒቨርሲቲው ሊሠራ ስለማይችል የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የምልከታ ሰዓትን በጥያቄያቸው ጥራት መከፋፈልን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ለምደዋል። ኢትዮጵያም ባለ 1 ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖችን በእንጦጦ ተራራ ላይ ስለተከለች አሠራሩ ለአገሪቱ ሊቃውንት ፍጹም እንግዳ አይደለም።

የሰውን አንጎል ለማጥናት መርፌ ማስገባት የሚቻለው ለሕክምና ግድ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ በሰው ላይ የሚደረገው ምርምር በአብዛኛው የሚደገፈው ከውጭ በሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ነው። የመጀመሪያው ኢ.ኢ.ጂ. የሚባለውና በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው ሲሆን፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰው የመጀመሪያውን ምዝገባ ያደረገበት፣ ዛሬም በአንጻራዊነት ርካሽና ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ፈንክሽናል ኤም.አር.አይ. የሚባለው ሲሆን በኃይለኛ ማግኔት አማካይነት በአንጎል ውስጥ ኦክስጅን የተሸከመ ደም የሚበዛበትንና የሚያንስበትን ቦታ በመለየት የትኛው ክፍል ሥራ እንደበዛበት በተዘዋዋሪ ያመለክታል፤ ነገር ግን ዋጋው፣ የማቀዝቀዣው ሂሊየምና የጥገናው ባለሙያ ከብዙ አገሮች አቅም በላይ ናቸው። በዚህም ምክንያት ስለ ሰው አንጎል በአጠቃላይ የሚነገረው ነገር ለረጅም ጊዜ የተመሠረተው መሣሪያው ባለባቸው ጥቂት ሀብታም አገሮች ነዋሪዎች አንጎል ላይ ነው።

ይህን አድልዎ ለማቃለል የቀረበው መፍትሔ ክፍትነት ነው፤ ሆኖም ክፍትነት ሲባል ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች አብረው እንደሚደባለቁ ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛው የጽሑፍ ክፍትነት ነው፤ ማንኛውም አንባቢ የምርምሩን ውጤት ሳይከፍል ያነባል። ሁለተኛው የመረጃ ክፍትነት ነው፤ ሌላ ተመራማሪ የተሰበሰበውን ጥሬ መረጃ ወስዶ እንደገና ይመረምራል። ሦስተኛው የጥያቄ ክፍትነት ነው፤ መሣሪያው ምን እንዲለካ እንደሚገባ ሐሳብ የማቅረብ ዕድል ከመሣሪያው ባለቤት ውጭ ላለ ሰውም ይሰጣል። ስለ ክፍትነት የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው በሁለቱ የመጀመሪያ ደረጃዎች ላይ ሲያተኩር፣ ከፍትሕ አንጻር ግን ወሳኙ ሦስተኛው ነው፤ በሌላ ሰው ጥያቄ የተሰበሰበ መረጃ የቱንም ያህል ክፍት ቢሆን የሚመልሰው የዚያኑ የሌላውን ሰው ጥያቄ ስለሆነ።

የምዕራብ ሐረርጌ ሁኔታ ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። በጨርጨር ደጋ የሚበቅለው ጫት ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር እንደያዘ የታወቀው በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክስ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን፣ ይህ ንጥረ ነገር በአሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰልና ንቃትን፣ ተነሣሽነትንና ደስታን ከሚያስተላልፉት የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካሎች አንዱ የሆነው ዶፓሚን በብዛት እንዲለቀቅ የሚያደርግ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ጫት ከማሳ ወደ ገበያ የሚሄደው በጥድፊያ ነው። ለቃሚው ግን ጉዳዩ የኬሚካል ስም አይደለም፤ በበርጫ ላይ የሚመጣው ምርቃና፣ ጫቱ ሲቀር የሚሰማው ሐራራ፣ በወዳጃ ማለትም በኅብረት ጸሎት ላይ ጫት እየተቃመ የሚደረገው ዱዓ፣ ሌሊቱን በንቃት ቁርኣን ለመቅራት የሚደረገው ጥረት፣ በአንጻሩም ሥራ የሚያስፈታውና እንቅልፍ የሚነሣው ሱስ ሁሉ በአንድ ቅጠል ዙሪያ የተሰበሰቡ የአእምሮ ሁኔታዎች ናቸው።

ጥያቄው ለእስልምና ሊቃውንት አዲስ አልነበረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በመካ ይኖሩ የነበሩት የሻፊዒ መዝሀብ ታላቅ ሊቅ ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ስለ ጫት ፍርድ ከየመን ጥያቄ ቀርቦላቸው ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈዋል። የሸሪዓ ሊቃውንት ሕግ ሊጠብቃቸው ይገባል ብለው ከሚዘረዝሯቸው አምስት መሠረታዊ ነገሮች፣ ማለትም ሃይማኖት፣ ሕይወት፣ ዐቅል፣ ዘርና ንብረት፣ ሦስተኛው ዐቅል ወይም የማሰብ ችሎታ በመሆኑ፣ ጉዳዩ የዞረው ጫት ዐቅልን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም በሚለው ላይ ነበር። ኢብን ሐጀር የሞከሩት ሰዎች ምስክርነት እርስ በርሱ ስለሚቃረን ቁርጥ ያለ ክልከላ ከመስጠት ተቆጥበው፣ መራቁ የተሻለ እንደሆነ መክረዋል። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ዘዴውን ይመለከታል፤ ሊቁ ስለ አእምሮ ለመፍረድ የባለ አእምሮውን ቃል ለመስማት ፈልገዋል፣ ቃሉ ሲለያይም ልዩነቱን ሳይደብቁ የፍርዳቸውን ወሰን በዚያው ልክ አጥብበዋል።

ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ የታየው ውሳኔ በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደ ነበር። የብሪታንያ መንግሥት የአደንዛዥ ዕፅ አማካሪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ማስረጃዎችን መርምሮ ጫት እንዲከለከል የሚያበቃ በቂ ምክንያት እንዳላገኘ ቢገልጽም፣ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ክልከላውን ተግባራዊ አድርጓል። የክልከላው ትክክለኛነት ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ግን የውሳኔው አካሄድ ነው። አማካሪዎቹ የመረመሯቸው ጥያቄዎች የተነሡት ከብሪታንያ የጤናና የማኅበራዊ ፖሊሲ ፍላጎት ነበር፤ ለእንግሊዝ ገበያ ጫት ሲልክ የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ገበሬ ውጤቱን ከሚቀበሉት እንጂ ጥያቄውን ካቀረቡት ወገን አልነበረም። የምክር ቤቱ ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነበር፤ የጥያቄው በር ግን ዝግ ነበር።

በሐረርጌ ቃሚዎች ዘንድ ዱካክ የሚባል ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የቃመ ሰው ጫት ሲያቆም ወይም ሳያገኝ ሲቀር ሌሊት በእንቅልፉ የሚጫነውና የሚያስፈራራው ክፉ ሕልም ሲሆን፣ አንዳንዱ ከአንጎል ድካም፣ አንዳንዱ ደግሞ ከጂን የመጣ መሆኑን ያምናል። የእንቅልፍ ሳይንስ ለዚህ የሚያቀርበው መላምት ግልጽ ነው፤ አነቃቂ ንጥረ ነገሮች ሕልም በብዛት የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያሳጥራሉ፣ ሲቋረጡም ይህ የእንቅልፍ ክፍል የተከለከለውን ለማካካስ ከወትሮው በበለጠ ኃይል ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ ሕልሙ ይበረታል፣ ሰውየው ነቅቶ ሳለ ጡንቻው ገና ስላልተፈታ የመጫን ስሜት ሊያድርበት ይችላል። መላምቱን በጭሮ ወይም በመሰላ ለመፈተሽ የሚያስፈልገው ብዙ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ማግኔት ሳይሆን፣ የአንጎልን ሞገድ፣ የዓይንን እንቅስቃሴና የጡንቻን ውጥረት ሌሊቱን ሙሉ አብሮ የሚመዘግብ ኢ.ኢ.ጂ. እና ምዝገባውን የሚያነብ ባለሙያ ነው። ዱካክ ከአካባቢው የመነጨ፣ በአካባቢው ቋንቋ የተሰየመ፣ ለአካባቢው ሰው ፋይዳ ያለው፣ ለአጠቃላይ የእንቅልፍ ሳይንስም የሚጠቅም ጥያቄ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተናግድ የጋራ ተቋም በሌለበት ግን ጥያቄው ከበርጫ ወሬ አልፎ ወደ ምርምር ሊሸጋገር አይችልም።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ የሃይማኖት ተቃውሞ ይቀርባል፤ አእምሮ የነፍስ ሥራ ከሆነ፣ ነፍስም የፈጣሪ ምሥጢር ከሆነች፣ በሽቦና በማግኔት መመርመሯ ድፍረት አይሆንምን? ተቃውሞው ከእስልምናም ከክርስትናም አስተምህሮ ድጋፍ ያገኛል። ቁርኣን የሩሕ ነገር የጌታ ጉዳይ እንደሆነና ለሰው ከዕውቀት የተሰጠው ጥቂት መሆኑን ያስተምራል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ሰውን ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ማለትም ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ እንዲሁም ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ፣ ማለትም ከለባዊነት፣ ከነባቢነትና ከሕያዊነት የተፈጠረ አድርገው ሲያስተምሩ ማሰብን ከነፍስ ወገን ይመድቡታል። ነገር ግን በሁለቱም ትውፊቶች ውስጥ መልሱም አብሮ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ ኢሕያ በተባለው ታላቅ መጽሐፋቸው ቀልብ፣ ሩሕ፣ ነፍስና ዐቅል እያንዳንዳቸው ከአንድ በላይ ትርጉም እንዳላቸው አስረድተው፣ ከአካል ጋር የተያያዘውን ለሐኪም የሚገባ ጥናት ከፈጣሪ ምሥጢር ይለያሉ። በኦርቶዶክሳዊው ትምህርትም ነፍስ ሥራዋን በሥጋ መሣሪያነት ስለምትገልጽ፣ መሣሪያው ሲታመም መታከሙ በነፍስ ክብር ላይ የሚደረግ ድፍረት ተብሎ አይቆጠርም።

ሳይንሱም ራሱን በትክክል ከገለጸ ከዚህ በላይ አይጠይቅም። ፈንክሽናል ኤም.አር.አይ. የሚለካው የደምን የኦክስጅን መጠን ነው፤ ኢ.ኢ.ጂ. የሚለካው በቮልት ሚሊዮንኛ የሚቆጠር ሞገድ ነው፤ አንዱም ጸሎት ተቀባይነት ማግኘቱን፣ ንስሐ እውነተኛ መሆኑን ወይም የምርቃና ደስታ ከአላህ የተሰጠ መሆን አለመሆኑን ሊለካ አይችልም። የሚጸልይ ሰው አንጎል ላይ የተወሰነ ክፍል እንደነቃ ቢታይ፣ ይህ ጸሎት የአንጎል ሥራ ብቻ ነው ለማለት ማስረጃ እንደማይሆን ሁሉ፣ ጸሎት የአንጎል ድርሻ የለበትም ለማለትም አያበቃም። ስለዚህ ድፍረቱ ከመለካት የሚመጣ ሳይሆን፣ የተለካውን ካልተለካው ጋር አደባልቆ በሰው ነፍስ ላይ ከመፍረድ የሚመጣ ነው፤ እንዲህ ያለውን ፍርድ የሚገታውም ልኬቱን የሚተረጉመው ሰውና የተለካው ሰው በአንድ ጉባኤ መነጋገር ሲችሉ ነው።

ተቃውሞው በዚህ መልክ ከተመለሰ በኋላ የሚቀረው የማጋራት ግዴታ ነው፤ ለዚህም በሐረርጌ የሚኖረው ሙስሊም በሚገባ የሚያውቀው የወቅፍ ሥርዓት ከማንኛውም የውጭ አስተሳሰብ ይልቅ ጥርት ያለ መሠረት ያቀርባል። ወቅፍ ማለት አንድ ንብረት፣ መሬትም ይሁን ሕንፃ ወይም ጉድጓድ፣ ለአላህ ተብሎ ሲሰጥ ዋናው ሳይሸጥ፣ ሳይወረስና ሳይሰጥ ተጠብቆ ጥቅሙ ብቻ ለታሰበላቸው ሰዎች የሚፈስበት ሥርዓት ነው፤ ንብረቱን የሚያስተዳድረው ናዚር ባለቤት ሳይሆን አማና የተሸከመ ጠባቂ ነው። የነቢዩ ትምህርትም ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪ መሆናቸውን ያስተምራል፤ ዕውቀትን ተጠይቆ መደበቅንም አጥብቆ ያወግዛል። ክርስቲያኑም በወንጌል በነጻ የተቀበለውን በነጻ እንዲሰጥ ታዟል። የምርምር መሣሪያ በዚህ ዐይን ሲታይ ዋናው የማይሸጥ፣ ጥቅሙ የሚፈስ የወቅፍ ንብረት ይሆናል፤ እንዲያውም ዕውቀት ከውሃና ከግጦሽ የሚለየው አንዱ ሲወስደው ለሌላው ስለማያንስ የማጋራቱ ምክንያት የበለጠ ይጠነክራል።

ሆኖም የወቅፍ ሥርዓት የሚያዘው ንብረትን እንጂ ገመናን እንዲያጋሩ አይደለም። እስልምና የሰውን ነውር መሸፈንን ያዛል፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓትም የንስሐ አባት የሰማውን ኃጢአት ለማንም እንዳይገልጥ ሥርዓቱ ያስረዋል። የአንጎል መረጃ ደግሞ ከሌላ የጤና መረጃ ይልቅ ለዚህ ገመና የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በነጻ ከተለቀቀው የሂውማን ኮኔክቶም ፕሮጀክት መረጃ የ126 ሰዎችን የአንጎል ግንኙነት ንድፍ መርምሮ፣ በዕረፍት ላይ ሳሉ በሁለት ቀናት የተነሡትን ቅኝቶች በማነጻጸር የትኛው ቅኝት የማን እንደሆነ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ ትክክለኛነት መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ከ84 ፈቃደኞች የኤም.አር.አይ. ምስል ፊታቸውን መልሰው ሠርተው፣ በተራ የፊት መለያ ሶፍትዌር 83 በመቶ የሚሆኑትን ከፎቶግራፋቸው ጋር ማዛመድ ችለዋል። ስምን ከመዝገብ መፋቅ ብቻውን ገመናን አይሸፍንም ማለት ነው፤ የሱስ፣ የቅዠት ወይም የሥነ ልቦና ሕመም ታሪክ አብሮ የተመዘገበ እንደሆነ፣ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅባቸው እንደ መሰላ ባሉ ወረዳዎች ጉዳቱ ከትልቅ ከተማ ይብሳል።

ጉዳቱ በግለሰብ ላይ ብቻ የሚወሰንም አይደለም። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የሚኖሩት የሃቫሱፓይ ሕዝቦች እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ደማቸውን ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የሰጡት በመካከላቸው የበዛው የስኳር በሽታ እንዲጠናላቸው ብለው ነበር፤ በኋላ ግን ያው ደም ስኪዞፍሬኒያ ለሚባለው የአእምሮ ሕመምና ለሕዝቡ የፍልሰት ታሪክ ጥናት ጭምር እንደዋለ ሲያውቁ፣ አንዱ ስማቸውን የሚያጎድፍ፣ ሌላው የአመጣጥ እምነታቸውን የሚነካ ሆኖ አገኙት። ክሱ እ.ኤ.አ. በ2010 በ700,000 ዶላር ካሣና ደሙን በመመለስ ተጠናቋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የደቡብ አፍሪካ የሳን ሕዝቦች የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ ያወጡትም ለተመሳሳይ ቅሬታ መልስ ለመስጠት ነው። ከሁለቱም የሚወሰደው ትምህርት፣ መረጃ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ሰጪው ያልፈቀደውን ጥያቄ የመጠየቅ ፈቃድ አለመሆኑ ነው፤ ከሰጪው ጋር የተደረገው ቃል ኪዳን ጥያቄውንም ይጨምራል።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ሲያገለግል፣ የአእምሮ ሕመም በማኅበረሰብ መካከል ያለው መልክ በስፋት የተጠናው ግን በቡታጅራ ገጠር ነው፤ በዚያ ከ68,000 በላይ ጎልማሶች ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተው ለዓመታት የተከታተላቸው ጥናት ተካሂዷል። በኋላ የመጣው ኒውሮጋፕ የተባለው ምርምር ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ያሉ ተቋማትን አስተባብሮ የስኪዞፍሬኒያንና የባይፖላርን የዘር መነሻ በአፍሪካውያን ላይ ለማጥናት ወደ 34,000 የሚሆኑ ተሳታፊዎችን ለመመዝገብ አቅዶ ተነሥቷል። በሐረርጌም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 በቀርሳ በ12 ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን የሚከታተል ጣቢያ አቋቁሟል፤ ይኸው ጣቢያና ሐረር ከተማ የሕፃናትን ሞት መንስኤ በሚያጠናው ዓለም አቀፍ ቻምፕስ በተባለ ጥናት ውስጥ ሲገቡ፣ ከሞተ ሕፃን አካል፣ አንጎልንም ጨምሮ፣ በመርፌ ናሙና መውሰድ አስፈልጓል። ጀናዛ ሳይዘገይ እንዲቀበር በሚታዘዝበት ማኅበረሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ የሚራመደው የወላጅ ፈቃድና የሃይማኖት አባቶች መረዳት ሲቀድሙት ብቻ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሕጉም ቢሆን የተበታተነ እንጂ የሌለ አይደለም። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ተደራሽነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰብ በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለውና ከጥቅሙም ሊካፈል እንደሚገባ ደንግጓል፤ ጫትን ስለሚመለከት የአካባቢው ዕውቀትም ከዚህ መንፈስ ውጭ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ጽሑፍ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ ሰው የተያዘ መረጃ የሚጠበቅበትን ሥርዓት ዘርግቷል። አንደኛው ማኅበረሰቡን፣ ሁለተኛው አንባቢውን፣ ሦስተኛው ግለሰቡን ሲመለከት፣ ጥያቄውን ማን ያቀርባል የሚለውን ግን አንዱም በቀጥታ አይነካውም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያስችል ትውፊት በዚያው በምዕራብ ሐረርጌ ይገኛል። ከኦሮሞ አምስቱ ታላላቅ ኦዳዎች አንዱ የሆነው ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ ሕግ የሚደነገግበትና የሚሻሻልበት የጉባኤ ሥፍራ ነበር፤ በጭሮ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲም የሚጠራው በዚህ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የገዳ ሥርዓት ጠባይ፣ ጉዳይ በአደባባይ ቀርቦ ክርክር ተደርጎበት ስምምነት ላይ መድረሱ ነው። ይሁንና ይህን ትውፊት ወደ ምርምር ሲያመጡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሽማግሌዎች ስለ ማኅበረሰቡ ጥያቄ መምከርና መወሰን ይችላሉ እንጂ በአንዲት ሴት ወይም በአንድ ወጣት ራስ ላይ ኤሌክትሮድ እንዲለጠፍ ስለ እነርሱ ሆነው ሊፈቅዱ አይችሉም። የጉባኤው ፈቃድ ጥያቄውን ሕጋዊ ያደርገዋል፤ አካሉንና ገመናውን ለምርምር የሚያቀርበው ግን የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ፈቃድ ብቻ ነው።

የሆስፒታል አልጋና መድኃኒት በማይበቃበት ዞን ስለ አንጎል ምርምር ተቋም ማሰብ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ስለ ገንዘብ የሚናገረው እውነት ነው፤ ከዚያ አልፎ ስለ ጥያቄ መብት ሲናገር ግን ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጨርጨርን ያስተዳደሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ፣ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ መንገድንና ትምህርትን ጤና ከተሟላ በኋላ የሚመጡ አድርገው አልቆጠሯቸውም፤ አካባቢው ለአገሪቱ አርአያ እንዲሆን ሲታሰብ ሁሉም ጎን ለጎን ተጀምረዋል። የጋራ ተቋም የሚያስፈልገውም አንዱ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን ብዙዎች ተጋርተው እንዲጠቀሙበት ነው፤ ኢ.ኢ.ጂ.ው በጭሮ፣ ማግኔቱ በሐረር ወይም በአዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ሌላው ተቃውሞ ተራ ሰው ሳይንሳዊ ጥያቄ ሊያቀርብ አይችልም የሚለው ነው፤ ዱካክ እንደሚያሳየው ግን የተራው ሰው ድርሻ ችግሩን መሰየምና ፋይዳውን መናገር ሲሆን፣ ወደሚፈተሽ መላምት መቀየርና የተሳሳተውን መጣል የሳይንቲስቱ ሙያ ነው። ኢብን ሐጀርም የቃሚዎቹን ቃል የሰሙት ፍርዱን ለቃሚዎቹ አሳልፈው ለመስጠት አልነበረም።

ስለዚህ በምዕራብ ሐረርጌ ወይም ለምዕራብ ሐረርጌ የሚቋቋም የአንጎል ምርምር ተቋም ክፍት ሊባል የሚገባው መረጃውን ለዓለም ስለለቀቀ ብቻ አይሆንም። የጥናት ሐሳብ የሚመርጠው ቦርዱ ሳይንቲስቶችን፣ የሃይማኖት ሊቃውንትን፣ የጫት ገበሬዎችንና የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤተሰቦች አካትቶ የአካባቢውን ጥያቄ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ሲቀበል፤ የአሠራር ዘዴውና የተጠቃለለው ውጤት ለማንም በነጻ ሲለቀቅ፣ የግለሰቡ ቅኝት ግን በናዚር አማና ሥር ተጠብቆ ከተፈቀደው ጥያቄ ውጭ ሳይውል ሲቀር፤ ውጤቱም ከመጽሔት ቀድሞ ወይም አብሮ ለተጠናው ማኅበረሰብ በጉባኤ ሲነገር፣ ያኔ ክፍትነቱ ሙሉ ይሆናል። እነዚህ ግዴታዎች የሚጠየቁት ከተቋሙ እንጂ ከተጠኚው አይደለም፤ መግለጥ የተቋሙ፣ መሸፈን የሰውየው መብት ነውና። ሁለቱ የሃይማኖት ትውፊቶችም በዚህ ይስማማሉ፤ ፈጣሪ ለሰው የሰጠውን ዕውቀት መደበቅ በደል ከሆነ፣ ዕውቀት የሚጀምርበትን ጥያቄ ለጥቂቶች ብቻ መከለልም ከዚያ ያልተናነሰ በደል ነው።